የዳሌ ጎድጓዳ ስብራት፦ «ከፊት ብቻ ይሠራ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። አብዛኞቹ የላኩልኝ የታካሚ ቤተሰቦች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «ዶክተር፣ የእኛን ልጅ ለምን ከኋላ በኩል ሠራችሁት?»

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። ከኋላ የሚሠራው ኦፕራሲዮን ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ከፊት፣ ከሆድ በታች በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠራው። ከኋላ የተከፈተ ሰው የእግሩ ነርቭ ይበላሻል። ስብራቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል መክፈት ነው የሚያዋጣው። ቀኑ ቢገፋ ግድ የለም፤ መጀመሪያ ወጌሻ ቢሞክረው ምንም አይጎዳም። ለነገሩ ተሠራም አልተሠራም መጨረሻው አርቴፊሻል ዳሌ ነው። ከፊት የተሠራ ሰው ግን በማግስቱ ረግጦ ይሄዳል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳቸው ከፊት ተሠርቶ እንደዳነ ነግረውናል። እንኳን ዳነላቸው። ነገር ግን አንድ ሰው የዳነበት መንገድ ለሁሉም ስብራት መንገድ አይሆንም። ጽሑፉን አንብቦ «ከኋላማ አልቀደድም» ያለ ታካሚ አይቻለሁ። ወርቃማ ቀናት አለፉበት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ በአንድ ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ አጥንቱ

የጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ ክብ ራስ አለው። ያ ራስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ደግሞ ዳሌ አጥንት ላይ ይገኛል። ሐኪሞች አሴታቡለም የምንለው እሱን ነው። ውስጡ ካርቲሌጅ በሚባል ልሙጥ ሽፋን ተለብጧል። ስንራመድም፣ ደረጃ ስንወጣም፣ ከወንበር ስንነሳም ክብደታችን የሚያልፈው በዚያ ሽፋን ላይ ነው።

የዚህን ስብራት ሕክምና መልክ ያስያዙት ፈረንሳውያን ናቸው። ሮበርት ጁዴ፣ ዣን ጁዴ እና ኤሚል ሌቱርኔል እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት ጎድጓዳው በሁለት የአጥንት አምዶች መካከል እንደተቀመጠ አሳዩ። ሁለቱ አምዶች ተገልብጦ የቆመ ባላ ይመስላሉ። አንዱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ኋላ። እያንዳንዱ አምድ የራሱ ግድግዳ አለው። ከላይ ደግሞ ክብደት የሚሸከመው ጣሪያ አለ። ስብራቶቹን በ10 ዓይነት ከፈሏቸው። 5ቱ ነጠላ ናቸው፣ 5ቱ ድብልቅ። ከ60 ዓመት በኋላም በየአገሩ ያለ የአጥንት ሐኪም የሚጠቀመው ይህንኑ አከፋፈል ነው።

ይህን ያነሳሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። የጸሐፊው ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «የዳሌ ስብራት» እያለ ነው የሚሄደው። የትኛው ስብራት እንደሆነ አንድ ቦታ እንኳ አይናገርም። ክርክሩ ሁሉ የሚወላገደው ከዚህ ይነሳል። የፊት አምዱ የተሰበረ ሰውና የኋላ ግድግዳው የተሰበረ ሰው አንድ ዓይነት በሽታ የላቸውም። ራጁ ላይ እንኳ ለይቶ ለማየት አንድ ፎቶ አይበቃም። ቀጥታ አንድ፣ ከዚያ ታካሚውን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዘንብለን ሁለት እናነሳለን። ዛሬ ሲቲ ስካን ይጨመርበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «በየት በኩል እንግባ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው።

ስብራቱ ራሱ ደግሞ ከአደጋው ዓይነት ይወለዳል። ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አስቡ። ጉልበቱ ታጥፏል። መኪናው ሲጋጭ ጉልበቱ ከፊት ካለው ዳሽቦርድ ጋር ይላተማል። ግፊቱ በጭን አጥንቱ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብ ራሱ የኋላውን ግድግዳ ሰብሮ ይወጣል። መንገድ ላይ ተንሸራትተው በጎናቸው የወደቁ አዛውንት እናት ግን ሌላ ናቸው። ግፊቱ ከጎን ስለሚመጣ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የፊት አምዱና የጎድጓዳው የውስጥ ግድግዳ ነው። የሚኒባሱን ሰውም እናትንም በአንድ በር እንግባባቸው ማለት አይቻልም።

«ከኋላ መሥራት ያረጀ ነው»

የኋላው መንገድ ኮኸር ላንገንቤክ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው በርንሃርድ ፎን ላንገንቤክና እ.ኤ.አ. በ1909 ኖቤል ከተሸለመው ስዊዘርላንዳዊ ቴዎዶር ኮኸር ነው። አዎ፣ ሥሩ 19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። ዕድሜው ግን ጥፋቱ አይደለም።

አዲስ ነው የተባለውስ? ጸሐፊው የሚያወሩለት በሆድ ሥር የሚገባው መንገድ የስቶፓ መንገድ ይባላል። ረኔ ስቶፓ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በመንገዱ የታወቁት ለአጥንት ሳይሆን ለሄርኒያ (ለቡአ) ነው። ለዳሌ ጎድጓዳ ስብራት መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊንላንድና በአሜሪካ ሐኪሞች ነው። ስለዚህ እሱም ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከፊት መግባት ነበር። ሌቱርኔል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢሊዮኢንጓይናል የሚባለውን የፊት መንገድ ሠርቶ አስተምሯል። ሌቱርኔል ከፊትም ከኋላም ይሠራ ነበር። ስብራቱን አይቶ ነው የሚመርጠው።

አሁን የኋላ ግድግዳ ስብራት እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ላሳያችሁ። ከዚያ ከፊት ይቻል እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ።

ታካሚው በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል። ጉልበቱን እናጥፋለን፣ ዳሌውን እናቃናለን። ትልቁን የመቀመጫ ጡንቻ አንቆርጠውም፤ በጭረቱ ተከትለን እንከፍተዋለን። ከሥሩ ሳያቲክ የሚባለው ወፍራም ነርቭ ይታያል። እሱን ሳናይ አንድ እርምጃ አንሄድም። ከዚያ ከዳሌ ወደ ጭን የሚሄዱትን ሁለት ትናንሽ ጅማቶች ከተተከሉበት አጥንት አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ርቀን እንቆርጣለን። ለምን ጥግ ድረስ አንሄድም? የክብ ራሱ ዋና የደም ሥር እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ነው። ከሥር ያለውን አራት ማዕዘን ጡንቻም በዚሁ ምክንያት አንነካውም። ደም ሥሩ ከተጎዳ የጭኑ ራስ ቀስ በቀስ ይሞታል።

አሁን ግድግዳው ይታያል። የተሰበረው ቁራጭ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያውን ከውጭ በሚያቅፈው ከረጢት ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንቆርጠውም፤ ደም የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። እንደ በር ወደ ውጭ ገለጥ እናደርገውና ውስጡን እናያለን። እግሩን ሳብ ስናደርግ ጎድጓዳው ይከፈታል። ውስጥ የቀሩ የአጥንት ፍርፋሪዎችን አንድ በአንድ እንለቅማለን። አንዱ ቢቀር በተራመደ ቁጥር ልሙጡን ሽፋን ይፈጫል።

ከዚያ በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥራ ይመጣል። የጭኑ ራስ ሲወጣ የጎድጓዳውን ጠርዝ ጨፍልቆት ይሄዳል። ካርቲሌጁ ከነአጥንቱ ወደ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ያንን በስስ መሣሪያ ቀስ አድርገን እናነሳለን። የጭኑን ራስ እንደ ልክ ተጠቅመን መልሰን እንገጥመዋለን። ከኋላው የቀረውን ባዶ ቦታ በአጥንት እንሞላለን። ከዚህ በኋላ ነው ግድግዳውን መልሰን በብሎን የምናስረው፤ ላዩ ላይም የተጎነበሰ ፕሌት (ስስ ብረት) የምናስደግፈው።

ይህን ሁሉ በሆድ በኩል ማድረግ አይቻልም። ከሆድ በኩል የገባ ሰው የሚያየው የዳሌውን የውስጥ ገጽ ነው። የኋላው ግድግዳ ከአጥንቱ ማዶ ነው ያለው። አይታይም፣ አይነካም። የኋላ ግድግዳ ደግሞ ከጎድጓዳ ስብራቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ነው። ስለዚህ «ከፊት ብቻ» የሚለው ምክር ብዙ ታካሚ ውጭ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ። የፊት አምድ ስብራት ላይ፣ በተለይም የጭኑ ራስ ወደ ውስጥ በገባበት አዛውንት ላይ፣ የስቶፓ መንገድ ግሩም ነው። የጎድጓዳውን የውስጥ ግድግዳ ፊት ለፊት አይተን ፕሌት እናስደግፈዋለን። በድሮው ኢሊዮኢንጓይናል መንገድ ይህን ቦታ በቀጥታ ማየት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊዘርላንድ በርን የተዋወቀው ፓራሬክተስ የሚባለው መንገድም በዚሁ በኩል ብዙ አቃልሏል። ዘመዳቸው እንዲህ ዓይነት ስብራት ከነበረው ሐኪሞቹ ትክክል ሠርተዋል።

«ከኋላ ከተከፈተ ነርቭ ይበላሻል»

ይህ ነጥብ ሰውን በጣም ያስፈራው ይመስለኛል። ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሳያቲክ ነርቭ በኋላው መንገድ ላይ ነው የሚያልፈው። ሲጎዳ እግር ከቁርጭምጭሚት በታች ቀና ማለት ያቅተዋል፤ ሰውየው ሲራመድ ጣቱ መሬት ይጎትታል።

ግን ነርቩን የጎዳው ማን ነው? ከኋላ የወጣው የጭን ራስ ብዙ ጊዜ ነርቩ ላይ ነው የሚያርፈው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ከየአገሩ የተሰበሰቡ 3,670 የጎድጓዳ ስብራቶችን በአንድ ላይ አይቶ ነበር። ከአደጋው ጋር አብሮ የመጣ የነርቭ ጉዳት 16 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ሕክምናው የመጣው ግን የሁሉም መንገዶች ተደምሮ 8 ከመቶ ገደማ ነው። 8 ከመቶ ትንሽ ነው አልልም። አንድም ሰው ቢሆን ሕይወቱ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የአደጋውንም ጉዳት ለቀዶ ሐኪሙ ነው የሰጡት።

ለዚህ ነው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማንኛውም ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት። «አውራ ጣትህን ወደ ላይ ቀና አድርግ። አሁን እግርህን ወደ ታች ግፋ። እዚህ ስነካህ ይሰማሃል?» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ ካርዱ ላይ ከነሰዓቱ መጻፍ አለበት። ውልቃቱ ከተመለሰ በኋላ ይደገማል። ከኦፕራሲዮን በኋላም ይደገማል። ቤተሰብም ይህን ቢጠይቅ ነውር የለውም። «ከመሠራቱ በፊት ጣቱን ያንቀሳቅስ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ነርቩን የምንጠብቅበትም መንገድ አለ። ጉልበት ታጥፎ ዳሌ ሲቃና ነርቩ ይላላል። ቅድም ጉልበቱን እናጥፋለን ያልኩት ለዚህ ነው። መሣሪያ ነርቩ ላይ እንዳያርፍ የቆረጥነውን ጅማት መሃል አስገብተን እንከልለዋለን። ረዳቱ ምን እንደያዘና ምን ያህል እንደሳበ ደጋግመን እናያለን።

የፊቱ መንገድስ ነርቭና ደም ሥር የለበትም? በሚገባ አለበት። በኢሊዮኢንጓይናል መንገድ የጭንን ውጫዊ ቆዳ የሚያሰማው ነርቭ ብዙ ጊዜ ይለጠጣል፤ ታካሚው ለወራት የመደንዘዝ ስሜት ይኖረዋል። ወደ እግር የሚሄዱት ትልልቅ የደም ሥሮች ወደ ጎን ተይዘው ነው ሥራው የሚሠራው። በስቶፓ መንገድ ደግሞ ከዳሌው አጥንት ላይ የሚያልፍ የደም ሥር ድልድይ ያጋጥማል። የድሮ ሐኪሞች ኮሮና ሞርቲስ ብለውታል፤ የሞት አክሊል ማለት ነው። ሳይታሰር ከተበጠሰ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሸሽና ደሙን ማቆም ጭንቅ ይሆናል። የጭንን የውስጥ ጡንቻ የሚያዘው ነርቭም እዚያው ነው ያለው። የሽንት ፊኛም አጠገብ ነው።

አንድ የኋላው መንገድ እውነተኛ ድክመት ጸሐፊው ሳያነሱት አልፈዋል። እኔ ላንሳው። ከኋላ ከተሠራ በኋላ ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። በፊቱ መንገድ ይህ ያነሰ ነው። በብዛት ከበቀለ ዳሌው መታጠፍ ያቅተዋል። ለመከላከል ኢንዶሜታሲን የሚባለውን መድኃኒት ለሳምንታት የሚሰጡ አሉ። ጨረር ያለበት ሆስፒታል ውስጥ አንድ ጊዜ ጨረር መስጠትም ይቻላል። የሞተ ጡንቻን አጽድቶ መውጣትም ይረዳል።

«ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ይሻላል»

የቆዳው ጠባሳ ርዝመት የዚህን ቀዶ ሕክምና ውጤት አይወስንም። የሚወስነው አጥንቱ ምን ያህል ልክ ገጠመ የሚለው ነው። መለኪያው ደግሞ ሚሊሜትር ነው። አሜሪካዊው ጆኤል ማታ እ.ኤ.አ. በ1996 በ3 ሳምንት ውስጥ የተሠሩ 262 ስብራቶችን ውጤት አሳትሟል። በእሱ መለኪያ የቀረው ክፍተት እስከ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ልክ ገጥሟል ይባላል። 2 እና 3 ሚሊሜትር ከሆነ ጎደሎ ነው። ከ3 በላይ ከሆነ አልተሳካም። ልክ የገጠሙት 71 ከመቶ ነበሩ። በአጠቃላይ 76 ከመቶ የሚሆኑት ውጤታቸው በጣም ጥሩ ወይም ጥሩ ሆነ።

የዚሁ ሐኪም ታካሚዎች በኋላ በረጅሙ ተከታትለው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጥናት 816 ስብራቶች ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ 79 ከመቶ የሚሆኑት የራሳቸው ዳሌ አገልግሎት ላይ ነበር። የከሸፉትን የሚያመሳስላቸው ምን ሆነ? ልክ ያልገጠመ አጥንት። ከ40 በላይ ዕድሜ። የተጨፈለቀ የጎድጓዳ ጠርዝ። የተጎዳ የጭን ራስ ሽፋን። የኋላ ግድግዳ ስብራት መኖሩም አንዱ ነው።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኋላ ግድግዳ ስብራት ራጅ ላይ ቀላል ይመስላል። አንድ ቁራጭ አጥንት ነው፤ ታስሮ ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ከተሠራ በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሳ ራጁ ያላሳየው ክፍተት የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ካርቲሌጁ በአደጋው ቅጽበት ተጨፍልቋል። ከኋላ የተሠሩ ሰዎች ውጤት አንዳንዴ የሚያንሰው በመንገዱ ሳይሆን በስብራቱ ክፋት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው «እዩት፣ የፊቱ ይሻላል» ያሉት ለዚህ ነው የማያስኬደው። ያወዳደሩት የተለያየ ስብራት ነው።

«ከባድ ከሆነ በሁለቱም በኩል ይከፈት»

አንዳንድ ስብራት እውነትም ሁለት በር ይፈልጋል። ሁለቱም አምዶች ተሰብረው፣ አንዱ ከአንዱ በጣም ርቆ፣ በአንድ በኩል ብቻ ማስተካከል ሲያቅት ይደረጋል። ግን እንደ ዋስትና የሚወሰድ ነገር አይደለም። ሰዓቱ ይረዝማል። ደም ይፈሳል። ኢንፌክሽን የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ሌቱርኔል ሁለቱንም አምዶች በአንድ ትልቅ ቀዳዳ የሚያሳይ መንገድም ሠርቶ ነበር፤ ኤክስቴንድድ ኢሊዮፌሞራል ይባላል። ቅድም ባነሳሁት የ2012 ጥናት ይህ መንገድ ከከሸፉት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ከባድ ከባዱ ስብራት ስለሚሰጠው ይሆናል። ቢሆንም ጡንቻን ከአጥንት በሰፊው መግፈፍ ዋጋ ያስከፍላል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ይሸሹታል። የበለጠ የተፈናቀለው አምድ በየት በኩል ነው ብለን በዚያ እንገባለን። ሌላውን ከተቻለ በረጅም ብሎን ከዚያው እንይዘዋለን።

«ቀኑ ቢገፋ ግድ የለም»

ጸሐፊውን አጥብቄ የምቃወማቸው እዚህ ላይ ነው።

የጭን ራስ ከጎድጓዳው ወጥቶ ከሆነ የምንቆጥረው በሰዓት ነው። ራሱ በወጣበት በቆየ ቁጥር ደም ያጣል። በ6 ሰዓት ውስጥ ቢመለስ መልካም ነው፤ 12 ካለፈ አደጋው እየከፋ ይሄዳል። ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል። ከኋላ የወጣ ዳሌ ያለው ሰው እግሩ አጥሮ፣ ታጥፎ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ሌላ አይሂድ። ውልቃቱ በማደንዘዣ ነው የሚመለሰው። በእጅ እየታሸ፣ እየተጎተተ ከተሞከረ የተሰበረው ግድግዳ ይብስ ይፈረካከሳል፤ ነርቩም ይጎዳል። ወጌሻዎቻችን ማኅበረሰቡ የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው፤ እኔም እንደ ጠላት አላያቸውም። ይህ ግን በእጅ ዳሰሳ የማይደረስበት፣ ራጅ እንኳ በ3 አቅጣጫ የሚያስቸግረው ስብራት ነው።

ውልቃቱ ከተመለሰ በኋላ ስብራቱን ለመሥራት ጥቂት ቀናት አሉን። ታካሚው ይረጋጋል፣ ሲቲ ይነሳል፣ ደም ይዘጋጃል። አንዳንዴ እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ይቆያል። 3 ሳምንት ካለፈ ግን አጥንቱ በተጣመመበት መያያዝ ይጀምራል። ያኔ እንደገና ሰብሮ ማስተካከል ይመጣል። ሚሊሜትሩን ማግኘት በጣም ይከብዳል። በትንሹ የፊት በር ሊሠራ ይችል የነበረው ስብራትም ያኔ ሰፊ መክፈቻ ይፈልጋል። ጸሐፊው ትንሹን ቀዳዳ ከወደዱ ትልቁ ወዳጃቸው ቶሎ መምጣት ነበር።

አገራችን ውስጥ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎለት እስኪደርስ፣ አልጋ እስኪገኝ፣ ፕሌቱ እስኪገዛ ሳምንቱ ሳይታወቅ ያልቃል። በዚህ ላይ «ግድ የለም» የሚል ጽሑፍ ሲጨመርበት ያንገበግበኛል።

«መጨረሻው አርቴፊሻል ዳሌ ነው»

አይደለም። ቅድም ያልኩት የ2005 ጥናት ያያቸው ታካሚዎች በአማካይ ከ5 ዓመት በኋላ ከ75 እስከ 80 ከመቶ የሚሆኑት ጥሩ ወይም በጣም ጥሩ ላይ ነበሩ። ሌላ ኦፕራሲዮን፣ በተለይ አርቴፊሻል ዳሌ፣ የፈለጉት 8 ከመቶ ያህል ናቸው። የመገጣጠሚያ መበላት ወደ 20 ከመቶ ላይ ታይቷል። ይህም ቀላል ቁጥር አይደለም። ግን «ሁሉም» ከሚለው በጣም ይርቃል።

ሁሉም የጎድጓዳ ስብራት መቀደድ አለበትም አልልም። አጥንቱ ካልተፈናቀለ፣ ጣሪያው ደህና ከሆነና የጭኑ ራስ ከሥሩ በትክክል ከተቀመጠ፣ በክራንችና በክትትል የሚድን ብዙ ነው። የኋላው ግድግዳ ቁራጭ ትንሽ ከሆነም ታካሚውን አደንዝዘን ዳሌውን እያጠፍን እናየዋለን። ካልወጣ ሳይቀደድ ሊታከም ይችላል።

የ25 ዓመት ወጣት ግን «ተወው፣ በኋላ አርቴፊሻል ይገባልሃል» ሊባል አይገባም። አርቴፊሻል ዳሌ ዕድሜ አለው። በወጣትነት የገባለት ሰው እንደገና ሊቀየርለት ይችላል። በዚያ ላይ ተጣሞ የዳነ ጎድጓዳ ለአርቴፊሻሉም የሚያስቀምጥበት አጥንት ያሳጣል። መጀመሪያ በሚገባ የተሠራ ስብራት፣ በኋላ ቢበላ እንኳ፣ ለሚቀጥለው ሐኪም ጠንካራ መሠረት ያቆይለታል።

ለአዛውንቶች ነገሩ ይለያል። አጥንቱ የሳሳ፣ ጣሪያው ወደ ውስጥ የተጠቀጠቀ፣ የጭኑ ራስ አብሮ የተጎዳ ከሆነ ስብራቱን አስሮ በዚያው አርቴፊሻል ዳሌ ማስገባት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ከማደንዘዝ ያድናል፣ ከአልጋም ቶሎ ያስነሳል። ጸሐፊው ይህን ለይተው ቢጽፉት ኖሮ ከእሳቸው ጋር እስማማ ነበር።

«ከፊት የተሠራ በማግስቱ ይረግጣል»

በማግስቱ መነሳት ለሁሉም ጥሩ ነው። ከኋላ የተሠራውም፣ ከፊት የተሠራውም ከአልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ በክራንች ይነሳል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ይወስዳል። ሙሉ ክብደት መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን የሚወስነው አጥንቱ እንጂ ቆዳው የተቀደደበት ቦታ አይደለም። የራሱ ጎድጓዳ የተጠገነለት ሰው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ እግሩን መሬት ከማስነካት በላይ አይጭንበትም። ቶሎ ከረገጠ ብሎኑ ሊላላ፣ የተነሳው ጠርዝ ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላል። ከኋላ የተሠራ ሰው በተጨማሪ ዳሌውን በጣም አጥፎ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እንዳይቀመጥ እንመክራለን። የመጸዳጃው ነገርም አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ለጊዜው ከፍ ያለ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ቤተሰብ ሆናችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «ከፊት ነው ከኋላ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የተሰበረው የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው አምድ ነው? ሲቲውን ያሳዩን። የጭኑ ራስ ቦታው ላይ ነው? ነርቩ ደህና ነው? ከአደጋው ስንት ቀን ሆነው፣ መቼ ይሠራል? ይህን ስብራት የሚሠራ ሐኪም እዚህ አለ ወይስ ሪፈር እንሂድ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን የመለሰላችሁ ሐኪም በየት በኩል እንደሚገባና ለምን እንደሆነ ራጁ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ያሳያችኋል።